ጎሳ የሌለው እረኛ

በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር፣ ሃሊፋክስ ከተማ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ልጆቹም ጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጡ። የማወራው ስለዚህ ጨርቅ ነው። በእጃችሁ ካልነካችሁትና ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ ካላያችሁት የምናገረው ግማሹ ይቀርባችኋል።

ነገሩ የተነሳው በስልክ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ደወለችልኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት "የአገርህን ልብስ ለብሰህ ና" ተብሎ መጣ። እሷም ከአዲስ አበባ ያስመጣችለትን ነጭ የአገር ልብስ ተኩሳ ስታዘጋጅ ልጁ ወደቡ አጠገብ በሱቅ መስኮት ያየው ባለ ዳማ ጨርቅ ትዝ አለው። "እማዬ፣ እሱንም ልደርብበት? እኔ እኮ የተወለድኩት እዚህ ነው" አላት። እናት ግራ ገባት። "አንተ ሽመና ታውቃለህና ልጠይቅህ ብዬ ነው" አለችኝ። "ያንን ጨርቅ ለመልበስ ከስኮትላንድ ጎሳ መወለድ ያስፈልጋል ይላሉ። ልጄ የሰው ልብስ ለብሶ እንዳያፍርብኝ።"

ያን ምሽት "ይልበስ እህቴ፣ ምንም የለበትም" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ግን ልጁ የጠየቀው ከዚህ የበለጠ መልስ ይገባው ነበር። ዛሬ የመጣሁት እሱን ለመመለስ ነው፤ ልጁም እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

ይህ ጨርቅ የኖቫ ስኮሺያ ታርታን ይባላል፤ ታርታን የሚባለው የስኮትላንዶች ባለ ዳማ ጨርቅ ነው። የተፈጠረው በ1953 ነው። ቤሲ መሪ የሚባሉ የሃሊፋክስ ሴት፣ የሸማኔዎች ማኅበር ሰው፣ ትሩሮ ከተማ ውስጥ ስለ በግ እርባታ ለሚቀርብ ትርዒት ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ያዘጋጃሉ። በሥዕሉ ላይ አንድ እረኛ አለ። ይህ አገር ስሙ ራሱ "አዲሲቱ ስኮትላንድ" ማለት ስለሆነ እረኛው ኪልት፣ ማለትም የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ጉርድ ቀሚስ፣ ለብሶ መቆም ነበረበት። እዚህ ላይ ወይዘሮ መሪ አንድ ችግር ገጠማቸው። ኪልቱ የየትኛው ጎሳ ታርታን ይሁን? የማክዶናልዶችን ቢያደርጉት ካምቤሎች ይቀየማሉ፤ የካምቤሎችን ቢያደርጉት ማክዶናልዶች። እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ሠርግ ላይ የአንዱ ወገን ዘፈን ቀድሞ ከተዘፈነ የሌላው ወገን ፊት እንዴት እንደሚጠቁር።

ወይዘሮ መሪ ለእረኛው ማንም ያልለበሰውን ታርታን ሠሩለት። የየትኛውም ጎሳ ያልሆነ፣ ከቆመበት መሬት ቀለም የተወሰደ። ሥዕሉ ላይ ያለችው ኪልት ትንሽ ናት። ሰዉ ግን ትርዒቱን አይቶ ሲወጣ ስለ በጎቹ መጠየቁን ትቶ ያ ጨርቅ የት እንደሚገኝ ይጠይቅ ጀመር። ወይዘሮ መሪ ኢዛቤል ማኮሊ ከሚባሉ ሴት ጋር ሆነው ጨርቁን ለገበያ አበቁት። በ1956 በስኮትላንድ አርማዎችን የሚመዘግበው ሎርድ ላየን የሚባለው ሹም መዝገብ ውስጥ ገባ። ከካናዳ ክፍለ ሀገራት የራሷ ታርታን በመኖሩ ኖቫ ስኮሺያ የመጀመሪያዋ ናት። ሌሎቹ ተከትለዋት መጡ።

አሁን ቀለሞቹን እንይ። ስድስት ናቸው።

ሰፊው ሰማያዊው ነው፤ ባሕሩ ማለት ነው። በዚህ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከባሕር ከ67 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ቦታ የለም። እኛ ከደጋ የመጣን ሰዎች ይህን ለመረዳት ጊዜ ይወስድብናል። ለእኔ ባሕር ማለት ካርታ ላይ የማየው ነገር ነበር። እዚህ ስኖር ግን የዳቦው ዋጋ፣ የዓሣ አጥማጁ ዕዳ፣ የአውሮፕላኑ መዘግየት፣ ሁሉም ከባሕሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን አየሁ። ስለዚህ ሰማያዊው ሰፊውን ቦታ መያዙ ልክ ነው።

ነጩ ዓለቱና ዓለቱ ላይ የሚሰበረው የማዕበል አረፋ ነው። ፔጊስ ኮቭ ሄዳችሁ የምታውቁ፣ ያ መብራት ማማው የቆመበት ግራናይት ትዝ ይበላችሁ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ገርጥቶ ነጭ ይሆናል። ነጩ መስመር ቀጭን ነው፤ ግን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ይህ የሸማኔ ብልሃት ነው። ነጭ ሲሰፋ ሌላውን ያደበዝዛል፤ ሲቀጥን ሌላውን ያበራል።

አረንጓዴው ሁለት ዓይነት ነው፤ ጠቆር ያለና ፈካ ያለ። ሁለቱም የደን ናቸው። እኔ ጠቆር ያለውን ክረምት ከበጋ ቅጠሉን የማይጥለው ጥድ አድርጌ ነው የማነበው፤ ፈካ ያለው ደግሞ በግንቦት ድንገት የሚለመልመው ሜፕል ነው። እዚህ አንድ ክረምት ያሳለፈ ሰው ሁለት አረንጓዴ ለምን እንዳስፈለገ ማስረዳት አያሻውም።

ቀይና ወርቃማው ግን ከመሬቱ አልመጡም። ቀዩ በክፍለ ሀገሩ ባንዲራ መሐል ያለው፣ በኋላ እግሩ የቆመው የስኮትላንድ ነገሥታት አንበሳ ነው። ወርቃማው ደግሞ በ1621 የስኮትላንድና የእንግሊዝ ንጉሥ ጀምስ ይህንን ምድር ለሰር ዊሊያም አሌክሳንደር የሰጠበት ቻርተር፣ ማለትም የንጉሥ ሰነድ፣ ነው። ቻርተሩ በላቲን ስለተጻፈ ነው እስከ ዛሬ አገሩ በላቲን ስሙ የሚጠራው።

ስለ ወርቃማው የሚሰማኝን ልናገር፤ ዝም ብዬ ባልፈው ልጆቹን እንዳታለልኳቸው ይሰማኛል። ንጉሡ ይህን ምድር ዓይቶት አያውቅም። ምድሩ ባለቤት ነበረው፤ ሚክማቅ የሚባለው ሕዝብ ከዚያ በፊት እጅግ ረጅም ዘመን እዚሁ ኖሯል፣ ዛሬም አለ። ከሦስቱ የጨርቁ ቀለማት፣ ከባሕሩ፣ ከዓለቱና ከደኑ፣ አንዱም የማንም ስጦታ አይደለም። ወርቃማው ብቻ ነው ሰው ለሰው የሰጠው፣ ያውም የራሱ ያልሆነውን። ወይዘሮ መሪ በዘመናቸው እንደነበረው አስበው አስገቡት፤ እኔ እሳቸውን አልከስም። ግን ልጆቻችን ያንን ቀጭን ወርቃማ መስመር ሲያዩ ታሪኩን ሙሉውን ይወቁት።

እስካሁን የነገርኳችሁ የቀለሞቹን ትርጉም ነው። ይህን ማንኛውም የቱሪስት ሱቅ በካርድ ላይ ጽፎ ይሰጣችኋል። እኔን እንደ ሸማኔ ልጅ የሚማርከኝ ሌላው ነው፤ መስመሮቹ እንዴት እንደሚገናኙ።

አባቴ ሲሸምን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰድ ነበር። እናቴ የፈተለችው ጥጥ ድሩም ማጉም ነጭ ነው። ቀለም የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ጥለቱ ጋ ሲደርስ ነው። የነጠላችን ውበት እዚያ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይኖራል። ስለዚህም ነው ጥለቱ የሚናገረው፤ ለደስታ እንዲህ እናጣፋዋለን፣ ልቅሶ ስንሄድ ጥለቱን ወደ አንገታችን እናወጣዋለን፣ ያየን ሰው ሳንነግረው ይረዳል። ጃኖ የለበሰ ሰው ሰፊው ቀይ ጥለት ማዕረጉን ይናገርለት ነበር።

ታርታን ጫፍ የለውም፤ መሐል የለውም። ድሩን ስትዘረጋ ቀለሞቹን በቁጥር ትደረድራለህ፤ ሰማያዊ ይህን ያህል ክር፣ አረንጓዴ ይህን ያህል፣ ነጭ ይህን ያህል። ከዚያ ማጉን ስትወረውር ያንኑ ቅደም ተከተል፣ ያንኑ ቁጥር ትደግማለህ። ከላይ ወደ ታች የወረደው ከግራ ወደ ቀኝም ይሄዳል። አብዛኛው ታርታን ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ይታጠፋል፤ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሌላኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ እንደገና ይዞራል። ስለዚህ አንድ ታርታን ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ሥዕል አያስፈልገውም። የቀለም ስምና የክር ቁጥር ብቻ በቂ ነው፤ ያንን ወረቀት ያገኘ ሸማኔ የትም ሆኖ ያንኑ ጨርቅ ያወጣዋል። ክሩ ቢወፍር ዳማው ይሰፋል፣ ቢቀጥን ይጠባል፤ መልኩ ግን አይለወጥም።

ልጆች፣ አሁን ጨርቁን ወደ ዓይናችሁ አስጠጉ። ሰማያዊ ድር ሰማያዊ ማግ ሲያገኝ ምን ይሆናል? ጥርት ያለ ሰማያዊ። ሰማያዊ ድር አረንጓዴ ማግ ሲያገኝስ? እዩት፤ ሰያፍ የሆኑ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። አባቴ ሸማ ሲሠራ ማጉ በአንድ ድር ላይ አልፎ በሚቀጥለው ሥር ይገባ ነበር። ታርታን ላይ ግን ማጉ በሁለት ድር ላይ ያልፋል፣ በሁለት ሥር ይገባል፤ ቀጣዩ ረድፍ ደግሞ አንድ ክር ይፈቀቃል። ያ መፈቀቅ ነው ሰያፉን የሚሠራው። ራቅ ብላችሁ ስታዩት ሁለቱ ቀለሞች ተዋህደው ሦስተኛ፣ ማንም ያልነከረው ቀለም ይሆናሉ።

አሁን እንቁጠር። ስድስት ቀለም አለን። እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ሲገናኝ ስድስት ጥርት ያሉ ቀለሞች እናገኛለን። እያንዳንዱ ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው ጋር ሲሻገር ደግሞ አሥራ አምስት ድብልቅ ይወጣል። ጠቅላላው 21። ወይዘሮ መሪ የመረጡት ስድስቱን ነው፤ አሥራ አምስቱን ጨርቁ ራሱ ወለዳቸው። ጥርት ብሎ የቆመውን ቀለም ፈልጉት፤ አንድ መስመር ከራሱ ጋር በሚገናኝበት ትንሽ ቦታ ብቻ ነው ያለው። የቀረው የጨርቁ አካል በሙሉ ጉርብትና ነው።

እናትየው "ከጎሳ መወለድ ያስፈልጋል ይላሉ" ያለችኝን አልረሳሁትም። ይህ አባባል ከየት መጣ? ባለ ዳማ ጨርቅ በስኮትላንድ እጅግ የቆየ ነው። ፎልከርክ በምትባል ከተማ በ1933 ሁለት ሺህ ገደማ የሮማ የብር ሳንቲሞች የያዘ ማሰሮ ተገኝቷል። በማሰሮው አፍ የተወተፈው ቁራጭ ጨርቅ የሦስተኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ቀለም ያልተነከረ፣ የበጉን የራሱን ነጣ ያለና ጠቆር ያለ ጸጉር በማሻገር የተሠራ ዳማ። ግሌን አፍሪክ በሚባል የስኮትላንድ ሸለቆ ከረግረግ የወጣው ሌላ ቁራጭ ደግሞ ተመርምሮ ከ1500 እስከ 1600 ባለው ጊዜ የተሠራ መሆኑ በ2023 ተነገረ፤ እሱ አረንጓዴና ቡናማ አለው።

ማርቲን ማርቲን የሚባል የስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ተወላጅ በ1703 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የአንድን ሰው ልብስ አይቶ ከየት ቦታ እንደመጣ መገመት ይቻላል ብሎ ጽፏል። ልብ በሉ፣ ከየት ቦታ ነው ያለው። የማን ዘር ነው አላለም። የአካባቢው ሸማኔ፣ በአካባቢው ተክል የነከረውን፣ በለመደው መልክ ይሠራል፤ ሰፈሩ በሙሉ ያንን ይለብሳል። ጋሞ ወይም ወላይታ ሄዳችሁ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ የሆነውን ዱንጉዛ ስታዩ አገሩን እንደምታውቁት ማለት ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። የስኮትላንድ ደገኞች በንጉሡ ላይ ተነስተው በ1746 ኩሎደን በሚባል ቦታ ከተሸነፉ በኋላ፣ በዚያው ዓመት የደጋውን ልብስ ወንድ ሁሉ እንዳይለብስ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ደግሞ የተያዘ ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። በንጉሡ ሠራዊት ውስጥ ያሉት ብቻ ተፈቀደላቸው። ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። 36 ዓመት ብዙ ነው፤ አባት ለልጁ ሳያስተላልፍ ሊሞት ይችላል።

ባኖክበርን በሚባል የስኮትላንድ ቦታ የነበሩት የዊልሰን ቤተሰብ ሸማኔዎች ያንን ክፍተት ሞሉት። በ1819 የነበራቸው መዝገብ የክር ቁጥሮችን በዝርዝር ይዟል። አንዳንዱ ጨርቅ መጀመሪያ ቁጥር ብቻ ነበረው፤ የቦታ ወይም የቤተሰብ ስም የተሰጠው ኋላ ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ የስኮትላንድን ዋና ከተማ ኤድንብራን ሲጎበኝ ባላባቱ ሁሉ የየጎሳውን ታርታን ለብሶ እንዲወጣ ተጠየቀ፤ የጎሳውን የማያውቀው ወደ ሸማኔው ሮጠ። "ይህ ታርታን የእኛ ደም ነው" የሚለው ጥብቅ ሥርዓት በአብዛኛው የዚያ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ይህን የምለው ቤተሰቦቹን ለማሳነስ አይደለም፤ ሁለት መቶ ዓመት የተለበሰ ልብስ እውነተኛ ልብስ ነው። እህቴ ግን እረፊ። ከቦታ የሚነሳው ታርታን ከዘር ከሚነሳው ያነሰ አይደለም፤ እንዲያውም ቀዳሚው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከኖቫ ስኮሺያ በኋላ የመጡትን በአጭሩ ላንሳ። ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት በ1960 የራሷን ስታገኝ ቀይ ቡናማ አፈሯን ዋናው ቀለም አደረገችው፤ ያንን አፈር ያየ አይደነቅም። አልበርታ ያላችሁ ዘመዶቻችሁ ግን ይህን ንገሯቸው። የእነሱ ታርታን በ1961 የወጣው ኤድመንተን ውስጥ አካል ጉዳተኞች ሽመና ከሚማሩበት ማኅበር ነው። አረንጓዴው ደን፣ ወርቃማው የስንዴ ማሳ፣ ሰማያዊው ሰማይና ሐይቅ፣ ሐምራዊ ሮዙ የዱር ጽጌረዳ፣ ጥቁሩ ደግሞ ከሰልና ነዳጅ ነው። የአንድ ክፍለ ሀገር ምልክት የሆነው ጨርቅ እጅ ሙያ ሊማሩ ከተቀመጡ ሰዎች መካከል መውጣቱን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አንዱን ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም፤ እዚሁ ሰሜን ምሥራቃችን ያለውን ኬፕ ብሬተን ደሴትን። የእነሱ በ1957 የወጣ ነው። ጥቁሩ የድንጋይ ከሰላቸው፣ ግራጫው ብረት ፋብሪካቸው፣ አረንጓዴው ተራራቸው፣ ወርቃማው የምሽት ፀሐያቸው። ጨርቁ ሲወጣ ጥቁሩና ግራጫው እንጀራ ነበሩ። በ2001 እዚያው ደሴቱ ላይ ባለችው በሲድኒ ከተማ የነበረው ብረት ፋብሪካ ተዘጋ፤ የመንግሥቱ የመጨረሻ የከሰል ጉድጓድም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ከጡረተኛ ማዕድን ሠራተኞች አንዱ አንገቱ ላይ ያንን ታርታን አስሮ አይቼው አውቃለሁ። ክራባቱን ያስተካከለበት እጅ እስከ ዛሬ ሰማያዊ ጠባሳ አለው፤ ከሰል ቁስል ውስጥ ሲገባ የሚተወው ነው። የክር ቁጥሩ መዝገብ ላይ ስላለ ጥቁሩን ማንም አልቀነሰውም። ተራራውና ፀሐዩ ሳይነኩ ቆመዋል፤ ሥራው ሄዷል፤ ጨርቁ ግን አራቱንም እኩል ይዞ ይሸመናል። ስለ ቦታ የሚሸመን ጨርቅ ቦታው ሲለወጥ ምስክር ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዛሬ ታርታን የሚመዘገበው ከ2009 ጀምሮ ኤድንብራ ውስጥ በመንግሥት መዝገብ ነው። ማንኛውም ሰው አዲስ ዲዛይን ሠርቶ፣ የክር ቁጥሩን ጽፎ፣ ለምን እንደሠራው አስረድቶ ማመልከት ይችላል። ይህን የምነግራችሁ ወጣቶቹ እንዲሰሙኝ ነው፤ ድርና ማግ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ልጁ ያን ቀን ነጩን ለብሶ፣ በላዩ ላይ የዚህን ታርታን ሻርፕ ደርቦ ሄደ። ባለፈው ሳምንት እናቱ ቤቴ ይዛው መጣች። ጨርቁን ጭኑ ላይ አስቀምጬለት "የምትኖርበት አገር ቀለም ይሄ ነው፤ የቀረ ነገር አለ?" አልኩት። ቶሎ አልመለሰልኝም። መስኮቱን ሲያይ ቆየና "ጭጋግ የለም ጋሼ" አለኝ።

እውነቱን ነው። ሰኔ ላይ ከባሕሩ ተነስቶ ድልድዩን የሚውጠው፣ የመርከቡን ጥሩንባ ብቻ የሚያሰማን ጭጋግ ከስድስቱ ቀለሞች ውስጥ አልተጠቀሰም። እኔም ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ሌሊት ግን ተነስቼ መብራት አበራሁ፣ ጨርቁን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ወደ በሩ ራቅሁ።

አሁን ወደዚህ ና፣ የኔ ጌታ። ጣትህን እዚህ ነጩ መስመር ላይ አድርግ፤ እንደዚህ ወደ ታች ውረድ፤ ሰፊው ሰማያዊ ላይ ስትደርስ ቁም። ነጭ ክር፣ ሰማያዊ ክር፣ ነጭ ክር፣ ሰማያዊ ክር። አሁን ጨርቁን ለእናትህ ስጣትና ወደ በሩ ሂድ። ከዚያ ሆነህ ጣትህ የነበረበትን ቦታ እየው። ምን ቀለም ነው?